ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ዲፌንደር ይበቃል ወይስ ሌላ አንቲቫይረስ ይጫን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የዊንዶውስ ሜኑ ስሞችን ስክሪኑ ላይ እንደሚነበቡት አስቀምጠናቸዋል። ብዙው ነገር የሚመለከተው ዊንዶውስን ነው፤ ማክ ያላችሁ ወደታች አጭር መልስ ታገኛላችሁ።

ለቤት ኮምፒውተር ዲፌንደር ብቻውን ይበቃል?

ዊንዶውስ 11 ለጫነ፣ ቢያንስ በየሁለት በሦስት ቀኑ ኢንተርኔት ለሚያገኝና ክራክ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ ፈቃዱ የተሰበረ ፕሮግራም) ለማይበዛበት ኮምፒውተር ይበቃል። ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። መልሱ የሚለወጠው ኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት ርቆ የሰው ፍላሽ ሲቀበል የሚውል ከሆነ ነው፤ እዚያ ላይ ሌላ አንቲቫይረስ የተከፈለበትን ያህል ሊያገለግል ይችላል። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት ኮምፒውተሩ እንዴት እንደሚውል ማሰብ ይቀድማል።

ዲፌንደር ደካማ ነው ሲባል ነው የምሰማው። ውሸት ነው?

ድሮ እውነት ነበር። ማይክሮሶፍት በ2004 መጨረሻ ጃይንት የሚባል ድርጅት ገዝቶ ያወጣው የመጀመሪያው ዲፌንደር የሚያየው ስፓይዌርን (ተጠቃሚውን የሚሰልል ፕሮግራምን) ብቻ ነበር። በ2009 ሴኩሪቲ ኢሴንሻልስ የተባለ ነጻ አንቲቫይረስ ለኤክስፒ፣ ለቪስታና ለዊንዶውስ 7 ወጣ፤ በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲመጣ ያው ሥራ ዲፌንደር በሚል ስም ከሲስተሙ ጋር ተዋሃደ። በእነዚያ ዓመታት በገለልተኛ ፈተናዎች ከኋላ ከሚሰለፉት አንዱ ነበር፤ ስሙ የጠፋውም ያኔ ነው።

ዛሬ ሁኔታው ሌላ ነው። የጀርመኑ ኤቪ-ቴስት ምርቶችን በሦስት መስክ ይመዝናል፦ የመከላከል አቅም፣ በኮምፒውተሩ ፍጥነት ላይ የሚያሳድረው ጫና፣ ያለጥፋቱ የሚከሰሰው ፋይል ብዛት። እያንዳንዱ 6 ነጥብ፣ ድምሩ 18 ነው። ዲፌንደር ከ2010ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በመከላከል አቅም 6 ከ6 ደጋግሞ ያገኛል። የኦስትሪያው ኤቪ-ኮምፓራቲቭስም በተመሳሳይ ዓይነት ፈተና ከታወቁት የሚከፈልባቸው ምርቶች ጋር አቀራርቦ ያስቀምጠዋል። እንዲህ ዓይነት ሰንጠረዥ ሲያነቡ በ99.7 እና በ99.9 ፐርሰንት መካከል ባለው ልዩነት አይጨነቁ፤ በሚቀጥለው ዙር ቦታ ይለዋወጣሉ። መታየት ያለበት ምርቱ ለተከታታይ ዓመታት ሳይዋዥቅ መቆየቱ ነው።

ኮምፒውተሬ ኢንተርኔት የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው። ለውጥ አለው?

አለው፤ ከዚህ ሁሉ ጥያቄ ትልቁም ይኸኛው ነው። ዲፌንደር የማያውቀው ፋይል ሲያጋጥመው የፋይሉን መረጃ ወደ ማይክሮሶፍት ሰርቨር ልኮ ፍርዱን ይጠብቃል፤ እስከ 10 ሴኮንድ ድረስ ፋይሉ እንዳይከፈት አግዶ ሊያቆየው ይችላል። ጥሩ ውጤት የሚያመጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይህ እገዛ ይጠፋና ኮምፒውተሩ ላይ በተቀመጠው የቫይረስ መለያ መዝገብ ላይ ብቻ ይተማመናል። ኤቪ-ኮምፓራቲቭስ ምርቶችን ከኢንተርኔት ነጥሎ ሲፈትን ዲፌንደር ከብዙዎቹ በግልጽ ሲያንስ ደጋግሞ ታይቷል፤ ቢትዲፌንደርና አቫስት የሚባሉት አንቲቫይረሶች ያለ ኢንተርኔትም ቢሆን ብዙ አይወርዱም።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። ፓኬጅ እንዳያልቅ ብለን የስልኩን ሆትስፖት «ሜተርድ ኮኔክሽን» (ዳታው የሚቆጠርበት መስመር) እናደርገዋለን። ዳታ መቆጠቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ዲፌንደር በእንዲህ ዓይነት መስመር ላይ መዝገቡን በራሱ አያድስም። ሰውየው በየቀኑ ኢንተርኔት ይጠቀማል፣ አንቲቫይረሱ ግን ከወር በፊት በነበረው ላይ ቆሟል። ለማጣራት ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ይክፈቱ፣ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» ውስጥ ይግቡና ወደታች ወርደው «ፕሮቴክሽን አፕዴትስ» የሚለውን ይጫኑ። «ላስት አፕዴት» ላይ ያለው ቀን ከሦስት ቀን በላይ ካለፈው «ቼክ ፎር አፕዴትስ»ን ይጫኑ። የዊንዶውስ አፕዴት ሙሉውን እስኪወርድ መጠበቅ አይጠይቅም፤ የዲፌንደሩ ብቻ ይወርዳል።

ፈጽሞ ኢንተርኔት ለሌለው ኮምፒውተር ማይክሮሶፍት መዝገቡን እንደ አንድ ፋይል ለብቻው ያቀርባል፤ ስሙ ኤምፓም-ኤፍኢ ነው። መጠኑ ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው፤ ለ32 ቢት፣ ለ64 ቢትና ለአርም ፕሮሰሰር የተለያየ ስለሆነ የእርስዎን ለይተው ያውርዱ። በፍላሽ ወስደው ሁለቴ ሲጫኑት ምንም መስኮት አይከፈትም፤ አልሠራም ብለው ደጋግመው አይጫኑት። ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ቀኑ መለወጡን እዚያው «ላስት አፕዴት» ላይ ይመልከቱ። ይህን በየሳምንቱ የሚያደርግ ሰው ከሌለ ያለ ኢንተርኔት ጠንከር ያለውን ሌላ ምርት መጫን ይሻላል። የዚያም መዝገብ ቢሆን መታደስ እንዳለበት አይዘንጋ።

ፍላሼ ላይ ያሉት ፎልደሮች ሾርትከት ሆኑ። ዲፌንደር ለምን አላስቆመውም?

ቫይረሱ የተነሳው ፍላሹ ከተሰካበት ከሌላ ኮምፒውተር ስለሆነ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከህትመት ቤት ወይም ከትምህርት ቤት ላብ። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ እውነተኛዎቹን ፎልደሮች «ሂደን» እና «ሲስተም» የሚል ምልክት ሰጥቶ ይደብቃቸዋል፤ አንዳንዱ ስም አልባ ፎልደር ፈጥሮ ሁሉንም እዚያ ያጭቃቸዋል። ከዚያ በእያንዳንዱ ፎልደር ስም ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ሲጫኑ መጀመሪያ የቫይረሱ ስክሪፕት (ትእዛዝ የያዘ ትንሽ ፋይል) ይነሳል፣ ቀጥሎ ፎልደሩ ይከፈታል፤ ስለዚህ ሁሉ ነገር ደህና ይመስላል። ሰነዱ አልጠፋም፤ ፍላሹ ሙሉ ሆኖ ፋይሉ ጥቂት ከመሰለ የተደበቀ ነገር እንዳለ ይወቁ።

አወጣጡ፦ ሾርትከቶቹን ሳይነኩ ፍላሹን በቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ስካን ዊዝ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር» ይበሉ። ይህ በእጅ መደረግ አለበት፤ ፈጣኑ ስካንም ሆነ ሙሉው ስካን በነባሪው ቅንብር ፍላሽን አይፈትሽም፣ ዲፌንደር ፍላሹ ላይ ያለውን ፋይል የሚያየው ሲከፈት ነው። ስካኑ ሲያልቅ በፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው» ውስጥ «ሂደን አይተምስ» የሚለውን ያብሩ፤ «ኦፕሽንስ» ገብተው «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» ላይ ያለውን ምልክት ያንሱ። ፋይሎቹ ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። ሰነድና ፎቶ ብቻ መርጠው ወደ ኮምፒውተሩ ይቅዱ፤ ስክሪፕት፣ ሾርትከትና ኢኤክስኢ (የፕሮግራም ፋይል) የሆነ ነገር አይቅዱ። ፎልደሮቹ ከተቀዱ በኋላም ደብዛዛ እንደሆኑ ከቀሩ «ሲስተም» የሚለው ምልክት አብሯቸው ተቀድቷል ማለት ነው፤ በፕሮፐርቲስ አይነሳም። ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ በአትሪብ ትእዛዝ ኤች እና ኤስ የሚባሉትን ሁለት ምልክቶች መቀነስ ያስፈልጋል። ይህ ትእዛዝ የተደበቀውን ያወጣል እንጂ ቫይረሱን አያጠፋም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ አቁሞ በማግስቱ ያው ችግር ሲመለስበት ይገረማል። ፍላሹን በመጨረሻ ፎርማት ያድርጉ።

ከዚያ ባዶ ፍላሽ ሰክተው ይሞክሩ። አንድ ፎልደር ፈጥረው፣ ነቅለው፣ መልሰው ሲሰኩት ሾርትከት ከሆነ የተያዘው የእርስዎ ኮምፒውተር ነው። ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርትአፕ አፕስ»ን ይመልከቱ፤ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የሚነሳ የማያውቁት ስክሪፕት እዚያ ሊገኝ ይችላል።

ለህትመት የሚሆነውን በቴሌግራም ወይም በኢሜይል መላክ ከሁሉ ይቀላል። ፍላሽ ግድ ከሆነ የሚታተመውን አንድ ፋይል ብቻ የያዘ ትንሽ ፍላሽ ይመድቡና በተመለሰ ቁጥር ፎርማት ያድርጉት።

ሁለት አንቲቫይረስ ብጭን ይበልጥ አልጠበቅም?

የለም። ሁለቱም እያንዳንዱ ፋይል ሲከፈት መሃል ገብተው መመርመር ይፈልጋሉ፤ ኮምፒውተሩ ይዘገያል፣ አንዱ ያገለለውን ፋይል ሌላው ቫይረስ ብሎ ይጮህበታል፣ አንዳንዴም ሰማያዊ ስክሪን ያመጣሉ። ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ዲፌንደር በራሱ ጊዜ ቦታ የሚለቅቀው ለዚህ ነው። «ፒሪዮዲክ ስካኒንግ» የሚለውን ቢያበሩ አልፎ አልፎ ብቻ ያያል፤ ይህ ችግር የለውም።

ሁለተኛ ዓይን ከፈለጉ ሲጠሩት ብቻ የሚነሳ መሣሪያ ይጠቀሙ። የማልዌርባይትስ የሙከራ ጊዜ 14 ቀን ነው፤ ሲያልቅ በእጅ የሚነሳ ስካነር ሆኖ ይቀራል። የሙከራው ጊዜ ላይ ዲፌንደርን እንዳይተካ ከፈለጉ ማልዌርባይትስ ቅንብሩ ውስጥ በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ሴንተር መመዝገብን የሚመለከተውን ያጥፉ።

አዲስ ላፕቶፕ ገዛሁ፤ ማክአፊ ተጭኖበት መጣ። ልተወው?

ለመክፈል ካላሰቡ ዛሬውኑ ያውጡት። ላፕቶፕ አምራቾቹ የሚያስገቡት ስለሚከፈላቸው ነው። የሙከራው ጊዜ ሲያልቅ መዝገቡ መታደስ ያቆምና የማስፈራሪያ መልእክቱ ይቀራል። በደንቡ ዲፌንደር ያኔ ራሱ መነሳት አለበት፤ ያለቀበት ፕሮግራም እዚያው እያለ ግን ሁሌ ይነሳል ብሎ መተማመን አይቻልም። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ዘመድ የላከውን ላፕቶፕ ሲከፍቱ መጀመሪያ ይህን ይመልከቱ።

«አንኢንስቶል» ብቻውን አንዳንድ ጊዜ ሥሩን አይነቅልም። ዋና ዋናዎቹ ድርጅቶች የየራሳቸው ማጽጃ አላቸው፦ የማክአፊው ኤምሲፒአር ይባላል፣ የአቫስቱ አቫስት ክሊር ነው፤ ይህኛው በሴፍ ሞድ መሠራት ይፈልጋል። ኖርተን፣ ኢሴትና ካስፐርስኪም አላቸው። ሪስታርት ካደረጉ በኋላ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ላይ «ሪል-ታይም ፕሮቴክሽን» መብራቱን ያረጋግጡ።

ነጻ አንቲቫይረስስ? አቫስት፣ ኤቪጂ፣ አቪራ…

የመከላከል አቅማቸው ጥሩ ነው። ሦስቱም ከኖርተን ጋር ዛሬ የአንድ ድርጅት ንብረት ናቸው፤ ድርጅቱ ጄን ዲጂታል ይባላል። አቫስት ኤቪጂን በ2016 ገዛ፣ ኖርተን አቪራን በ2021 ወሰደ፣ በ2022 ደግሞ ከአቫስት ጋር ተዋሃደ። ስለዚህ ከአቫስት ወደ ኤቪጂ መቀየር ብዙም ለውጥ የለውም።

ገንዘብ ያልተከፈለበት ነገር በሌላ በኩል እንደሚከፈል የአቫስት ታሪክ ያሳያል። ጃምፕሾት በሚባል ቅርንጫፉ በኩል ደንበኞቹ የጎበኟቸውን ድረ-ገጾች መረጃ ሲሸጥ ቆይቶ በ2020 መጀመሪያ ቅርንጫፉን ዘጋ፤ በ2024 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። ዛሬ ነጻውን አቫስት የሚጭን ሰው የሚያስቸግረው ይበልጥ ማስታወቂያው ነው፦ «488 የተበላሹ ነገሮች ተገኝተዋል፣ ለማጽዳት ይክፈሉ» የሚል ዓይነት። አይክፈሉ፤ ቫይረስ አይደለም፣ ቴምፖራሪ ፋይል ነው።

ካስፐርስኪን መጠቀም ችግር አለው?

በቴክኒክ አቅሙ ሁልጊዜም ከላይ ካሉት አንዱ ነው፤ ጥያቄው ፖለቲካዊ ነው። የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር በጁን 2024 አገደው፤ ከጁላይ 20 ጀምሮ አዲስ ሽያጭ፣ ከሴፕቴምበር 29 ጀምሮ ደግሞ አፕዴት በአሜሪካ ተከለከለ። እዚያ የነበሩ ብዙ ደንበኞች ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ ካስፐርስኪ ጠፍቶ አልትራኤቪ የሚባል ሳይጠየቁ ተጭኖ አገኙ። የጀርመን የሳይበር ደህንነት ቢሮም በ2022 በሌላ ምርት እንዲተካ መክሯል። አሜሪካ የምትኖሩ ከሆነ ነገሩ ያለቀ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሕጋዊ ክልከላ ስለሌለ ውሳኔው የእርስዎ ነው፤ ለአንድ የቤት ኮምፒውተር ዋነኛው ስጋት ግን የሩሲያ መንግሥት ሳይሆን የወረደው ክራክ ነው።

ሱቅ ሲገዙ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ቁልፉ በክልል የተገደበ ሊሆን ይችላል። ለሌላ አገር የተዘጋጀ ካርድ «በዚህ ክልል አይሠራም» ብሎ ይመለሳል። ሳጥኑን ከሱቁ ይዘው ከመውጣትዎ በፊት እዚያው ያስነሱት።

ለሚከፈልበት ስከፍል በትክክል ምን አገኛለሁ?

ቫይረስ በመያዝ በኩል ልዩነቱ ጠባብ ነው፤ የሚከፈልበት ዙሪያውን ላለው ነው። ቪፒኤን፣ የይለፍ ቃል መያዣ፣ የልጆች መቆጣጠሪያ፣ በአንድ ቁልፍ ለአምስትና ለአሥር መሣሪያ መጠቀም፣ ሲቸግር የሚያነጋግሩት ሰው። ከእነዚህ አብዛኞቹ በነጻ ይገኛሉ፦ የልጆች መቆጣጠሪያው በማይክሮሶፍት ፋሚሊ ሴፍቲ፣ የይለፍ ቃል መያዣው በብራውዘሩ ወይም በቢትዋርደን። በአንጻሩ ፋየርፎክስ ወይም ክሮም ለሚጠቀም ሰው የሐሰት ባንክ ገጽን የሚያግደው የሌሎቹ ማጣሪያ ተጨማሪ ጥቅም ሊኖረው ይችላል፤ የማይክሮሶፍቱ ስማርትስክሪን ድረ-ገጽን የሚያጣራው በዋናነት የራሱ ብራውዘር በሆነው ኤጅ ላይ ነውና። ጥቅሉ ሲሰፋ ደግሞ የማይፈለግ ነገር ይገባል፤ ኖርተን በ2021 የክሪፕቶ ገንዘብ ማምረቻ እስከማስገባት ደርሶ ነበር።

የዋጋው ወጥመድ ሁለተኛው ዓመት ነው። መጀመሪያ የሚታየው ቅናሽ ለ12 ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ ካርዱ ላይ በራሱ ጊዜ የሚቆረጠው ከእጥፍ ሊበልጥ ይችላል። በገዙበት ቀን «ኦቶ-ሪኒዋል»ን ያጥፉ፤ የገዙት ዓመት አይቀነስም። ኢትዮጵያ ላሉ በዶላር በካርድ መክፈል አስቸጋሪ ስለሆነ የሱቅ ካርድ መግዛት ይቀላል፤ በቴሌግራም በርካሽ የሚሸጠው ቁልፍ ግን ብዙ ጊዜ ለብዙ ሰው የተሸጠ ነውና ወር ሳይሞላው ይዘጋል።

ፕሮግራም ስጭን «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይለኛል። ላጥፋው?

አያጥፉት። ኦፊስም ሆነ ፒችትሪ ወይም ፎቶሾፕ ከነክራኩ የሚያወርድ ሰው ሁሉ ይህን መመሪያ ያውቀዋል። ክራኩ በባሕርዩ ሌላ ፕሮግራም የሚነካካ ስለሆነ አንቲቫይረስ መጮሁ አይቀርም፤ የውስጡ ንጹሕ ይሁን አይሁን ከጩኸቱ መለየት አይቻልም። ክፉዎቹ የሚደበቁት እዚሁ ላይ ነው። በ2021 ኬኤምኤስፒኮ የሚባለውን ዊንዶውስን ያለ ፈቃድ አክቲቬት ማድረጊያ አስመስሎ የተሠራ ፋይል ክሪፕትቦት የሚባል የይለፍ ቃልና የዲጂታል ቦርሳ ሌባ ይጭን ነበር። ስቶፕ ወይም ዲጄቩ የሚባለው ራንሰምዌርም የተስፋፋው በዋናነት በክራክ ነው፤ ፎቶና ሰነድ ቆልፎ ከስማቸው ኋላ የማይታወቅ ቅጥያ ያክልና ገንዘብ ይጠይቃል። ኤምሲሶፍት በነጻ የሚፈታ መሣሪያ በ2019 አውጥቷል፤ የሚሠራው ግን ለቆዩት ዝርያዎችና ኮምፒውተሩ በተያዘበት ሰዓት ኢንተርኔት ጠፍቶ በመደበኛ ቁልፍ ለተቆለፈባቸው ነው። ለቀሩት መፍትሔው ቀድሞ የተቀመጠ ቅጂ ብቻ ነው።

ዚፑ በይለፍ ቃል ተቆልፎ «ፓስወርዱ 1234 ነው» ተብሎ ከተጻፈም ይጠንቀቁ። እንዲህ የሚደረገው አንቲቫይረስ ውስጡን እንዳያይ ነው። ያለ ክራክ መኖር ለሚፈልግ ሊብሬኦፊስ፣ ጊምፕና ክሪታ ሙሉ በሙሉ ነጻ ናቸው።

አንዳንዴ ግን ንጹሕ ፕሮግራምም ይጠረጠራል። ዲጂታል ፊርማ የሌላቸው፣ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያወርዳቸው የአገር ውስጥ ፕሮግራሞች ስማርትስክሪን «ዊንዶውስ ፕሮቴክትድ ዩር ፒሲ» ያሰኛሉ፤ ይህ «አላውቀውም» ማለት እንጂ «ቫይረስ ነው» ማለት አይደለም። ፋይሉን ቫይረስቶታል በሚባለው ድረ-ገጽ ላይ ይጫኑት፤ ከ70 የሚበልጡ የአንቲቫይረስ ሞተሮች ያዩታል። ሁለት የማይታወቁ ስሞች ብቻ ከከሰሱት ስህተት ሊሆን ይችላል፤ ሃያው ከጮሁ ያጥፉት። የግል ሰነድ ግን እዚያ አይጫኑ፤ የተጫነውን ሌሎች ማውረድ ይችላሉ።

«አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክሰኪውተብል» ኮምፒውተሬን አንቆ ያዘው። ምን ላድርግ?

ይህ ራሱ ዲፌንደር ነው። ጫናው የሚሰማው በተለይ ኤችዲዲ (የሚሽከረከረው የቆየ ዓይነት ዲስክ) ባላቸውና ራማቸው 4 ጊጋባይት በሆኑ ማሽኖች ነው። ኮምፒውተሩ ብዙ ቀን ጠፍቶ ሲከፈት ያመለጠውን ስካን ሊጀምር ስለሚችል ለአንድ ሰዓት ያህል በርቶ እንዲቆይ ይተዉት፤ ብዙ ጊዜ ይረጋጋል። አንዳንዶች የዲፌንደርን «ኤክስክሉዥን» ተጠቅመው ሲ ድራይቭን በሙሉ ከፍተሻ ያወጣሉ። እንዲህ ማድረግ ዲፌንደርን ጭራሹን ከማጥፋት ብዙ አይለይም፤ አያድርጉት። ለአንቲቫይረስ ሊከፍሉ ያሰቡትን ብር በ256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) ላይ ያውሉት፤ ፍጥነቱም ይስተካከላል፣ ዲፌንደሩም አይሰማዎትም።

ዊንዶውስ 10 ላይ ነኝ። ጥሩ አንቲቫይረስ ከገዛሁ ይበቃኛል?

አይበቃም። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን መዝገብ እስከ ኦክቶበር 2028 እንደሚያድስ አስታውቋል፤ ስለዚህ አረንጓዴው ምልክት እንደበራ ይቀጥላል፣ የሲስተሙ ቀዳዳ ግን አይደፈንም። ልዩነቱን ለማየት ዋናክራይን ያስታውሱ፦ ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት በማርች 2017 ወጣ፣ ቫይረሱ ዓለምን ያመሰው በሜይ ነው። አፕዴቱን የጫነ ኮምፒውተር ምንም ዓይነት አንቲቫይረስ ይኑረው በዚያ ቀዳዳ አልተገባበትም።

ለቤት ተጠቃሚ የተራዘመው የደህንነት አፕዴት በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ ቅንብርን ባክአፕ በማድረግ ያለ ክፍያ ወይም በ30 ዶላር ይገኛል፤ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ያገለግላል። «ዊንዶውስ አፕዴት» ገጽ ላይ የመመዝገቢያው ሊንክ ይታያል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ እና በኢንቴል በኩል ስምንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ስለሚፈልግ ብዙ ያገለገለ ላፕቶፕ አያልፍም። ለብራውዘርና ለጽሑፍ ብቻ የሚውለውን ሊኑክስ ሚንት ወደሚባለው ነጻ ሲስተም መቀየር ይቻላል። ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ ኢንተርኔቱን ነቅላችሁ ተጠቀሙበት፤ ሌላ የምንለው የለም።

ዲፌንደርን ከያዝኩ የትኞቹን ቅንብሮች ልንካ?

«ታምፐር ፕሮቴክሽን» (ሌላ ፕሮግራም ዲፌንደርን እንዳያጠፋው የሚከላከለው) እና «ክላውድ-ዴሊቨርድ ፕሮቴክሽን» መብራታቸውን ይዩ። «ኦቶማቲክ ሳምፕል ሰብሚሽን» የማይታወቅ ፋይል ለምርመራ ይልካል፤ የግል መረጃ ያሳሰበው ሊያጠፋው ይችላል። «አፕ ኤንድ ብራውዘር ኮንትሮል» ውስጥ «ፖቴንሻሊ አንዋንትድ አፕ ብሎኪንግ» ይብራ፤ ከነጻ ፕሮግራም ጋር ተደብቀው የሚመጡትን ቱልባሮች የሚያስቆመው እሱ ነው።

«ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» በነባሪ ጠፍቶ ይመጣል። ሲበራ ያልታወቀ ፕሮግራም በዶክመንትስና በፒክቸርስ ውስጥ መጻፍ አይችልም፤ ለራንሰምዌር ጥሩ ነው። መጀመሪያ ሳምንት ላይ አንዳንድ ጨዋታና የቆየ ፕሮግራም «ሴቭ አልሆነም» ማለቱ አይቀርም፤ «አላው አን አፕ» በሚለው አንድ በአንድ ይፍቀዱ። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመውና ማንም የማያደርገው የዕለት ሥራን አስተዳዳሪ ባልሆነ አካውንት መሥራት ነው። ልጆች በሚጠቀሙበት ኮምፒውተር ላይ ይህን ሳያደርጉ አይተዉት።

ስክሪኔ ጥግ ላይ «ኮምፒውተርዎ በ5 ቫይረስ ተይዟል» የሚል ይወጣል

አብዛኛውን ጊዜ ኖቲፊኬሽን እንዲልክ የፈቀዱለት ድረ-ገጽ ነው፤ ፊልም ወይም ኳስ ሲያዩ «አላው» ብለው ያለፉት። የማክአፊን ወይም የኖርተንን አርማ ለብሶ ይመጣል። ክሮም ላይ «ሳይት ሴቲንግስ» ውስጥ «ኖቲፊኬሽንስ» ገብተው የማያውቁትን ሁሉ ያስወግዱ። ስልክ ቁጥር ከሰጠዎት አይደውሉ።

ማክ አንቲቫይረስ ያስፈልገዋል?

ማክ ኦኤስ ኤክስፕሮቴክትና ጌትኪፐር የሚባሉ መከላከያዎች አሉት፤ ለአብዛኛው ሰው ይበቃሉ። እዚያም ቢሆን በር የሚከፍተው ክራክ ነው።

ቫይረስ መግባቱን እርግጠኛ ነኝ። በምን ቅደም ተከተል ልሂድ?

ኢንተርኔቱን ያቋርጡ፣ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ከተሰካ ይንቀሉ። በ«ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር አንቲቫይረስ ኦፍላይን ስካን»ን መርጠው ያስነሱ፤ ኮምፒውተሩ ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ሳይነሳ ለ15 ደቂቃ ያህል ይፈትሻል፤ ራሱን ሲስተሙ ውስጥ የሚደብቅ ቫይረስ የሚያዘው እንዲህ ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩ ይሰካ። ቀጥሎ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ማይክሮሶፍት ሴፍቲ ስካነርን አውርደው ይዘው ይምጡ፤ ከወረደ ከ10 ቀን በኋላ አይሠራም፣ ስለዚህ ለክፉ ቀን ብለው አያስቀምጡት።

ዊንዶውስ ሴኩሪቲ አልከፈት ካለ፣ የተሰረዘው ቫይረስ በየሪስታርቱ ከተመለሰ ወይም የይለፍ ቃል ሌባ ከተገኘ ስካን ላይ ጊዜ አያጥፉ፤ ሰነዶቹን ብቻ አውጥተው ዊንዶውሱን ከማይክሮሶፍት በወረደ ፋይል እንደ አዲስ ይጫኑ። ባለሙያ ጋ ከወሰዱት በምን ፋይል እንደሚጭንልዎት ይጠይቁ፤ ከነክራኩ የተዘጋጀ ዊንዶውስ ከጫነ ወደ መነሻዎ ተመለሱ ማለት ነው።

የይለፍ ቃሎችን የሚቀይሩት ከሌላ መሣሪያ ነው፤ በተያዘው ላይ ከቀየሩ አዲሱንም ይወስዱታል። ከኢሜይል ይጀምሩ፣ ባንክ ይከተል። ቴሌግራም ላይ «ዲቫይስስ» ውስጥ ገብተው «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ»ን ይጫኑ፤ ሌባው የወሰደው የተከፈተ አካውንት ከሆነ ኮድ ሳይጠየቅ መግባት ይችላልና።